አሰልጣኞች ከነፍስ አድን ቡድኖች ምን ይማሩ? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በድሬዳዋ የታዳጊ ቡድን አሰልጣኞች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የስፖርት አሰልጣኞች ታጋቾችን ከሚያስለቅቁና በአደጋ የተከበቡ ሰዎችን ከሚያወጡ ልዩ የነፍስ አድን ቡድኖች ብዙ ሊማሩ ይገባቸዋል ይላል። በመነሻው እስማማለሁ፤ እንዲያውም ዘግይቶ የመጣ ሐሳብ ነው። ጸሐፊውም ዕድሜያቸውን በኳስ ሜዳ ያሳለፉ፣ የማከብራቸው ሰው ናቸው። የማልስማማው ከዚህ መነሻ ተነሥተው በሰጧቸው ምክሮች ነው። ምክሮቹ ባጭሩ እነዚህ ናቸው፦ ደካማውን ተጫዋች በመጀመሪያው ወር በአምስት ኪሎ ሜትር የቀትር ሩጫ ፈትኖ ማሰናበት፤ ልምምድን በፀሐይ፣ ያለ ውኃ ማድረግ፤ በሜዳ ላይ ከአሰልጣኙ በቀር ማንም እንዳይናገር መከልከል፤ ሽንፈትን ከተጫዋቹ ሐሳብ ጨርሶ ማስወጣት፤ የተነደፈውን ዕቅድ እስከ መጨረሻው ደቂቃ አለመልቀቅ፤ ለልጆቹ ወታደራዊ የሚመስል ልብስ መግዛት፤ ከጨዋታ በኋላም የእያንዳንዱን ጥፋት በጓደኞቹ ፊት ስሙን እየጠሩ መንገር። ለምስክርነት የጠሩት ታጋቾችን ለማስለቀቅ የተደረጉትን የ1976ቱን የኢንቴቤ (ኡጋንዳ)፣ የ1977ቱን የሞቃዲሾና የ1980ውን የለንደን ዘመቻ ነው። (የውጭ አገር ክስተቶችን ዓመት እኔም እንደ እርሳቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

መልሴንም ከእነዚሁ ምስክሮች ብዙ ሳልርቅ እሰጣለሁ፤ ምስክሮቹ በደንብ ሲጠየቁ ጸሐፊው የሚሉትን አይናገሩምና። የእነዚህ ቡድኖች ብርታት የተሠራው በር ሰብረው በገቡባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አልነበረም። የተሠራው ከዚያ በፊት በነበረው አሰልቺ ልምምድና ከዚያ በኋላ በሚደረገው ግልጽ ውይይት ነው። ጽሑፉ ግን ሁለቱንም አልፏቸው ሄዷል።

ከምርጫው እጀምራለሁ። ኤስ ኤ ኤስ የተባለው የእንግሊዝ ልዩ ጦር ለምርጫ ከሚቀርቡለት ሰዎች አብዛኞቹን እንደሚመልስ እውነት ነው። ነገር ግን ወደዚያ ፈተና የሚገባው ቀድሞውንም ወታደር የሆነ፣ ዕድሜው የበሰለ፣ ፈቅዶ የተመዘገበ ሰው ነው፤ ካልቻለም ወደ ነበረበት ክፍል ተመልሶ ሥራውን ይቀጥላል። ከገንደ ቆሬ ወይም ከሳቢያን ሰፈር የመጣ የ13 ዓመት ልጅ ግን ከቡድን ሲሰናበት የሚመለስበት ሌላ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ የለውም። በዚያ ዕድሜ አንዱ ልጅ ጢም ሲያበቅል ሌላው ገና ቁመት እየጠበቀ ነው፤ በእግር ኳስ የታዳጊዎች ምርጫ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱት በመጨረሻዎቹ ከተወለዱት ይልቅ በብዛት እንደሚመረጡም በብዙ አገሮች ተደጋግሞ ታይቷል። አምስት ኪሎ ሜትር አስሩጦ የሚለይ አሰልጣኝ ተሰጥኦ መረጥሁ ይላል እንጂ የመረጠው ቀድሞ ያደገውን ልጅ ነው።

ከዚህም በላይ የጠነከረውን መምረጥና ለሥራው የሚያስፈልገውን መምረጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጸሐፊው ያልጠቀሱት፣ ለእኛ ለኳስ ሰዎች ግን ከሁሉም የሚቀርበን የታይላንዱ ታሪክ ነው። ጁን 23 ቀን 2018 አሥራ ሁለት ታዳጊ ተጫዋቾችና ምክትል አሰልጣኛቸው ታም ሉዋንግ ወደተባለው ዋሻ እንደገቡ ጎርፍ መውጫውን ዘጋባቸው። ለነፍስ አድን ሥራው መጀመሪያ የተሰለፉት የታይላንድ ባሕር ኃይል ኮማንዶዎች በጥንካሬያቸው የሚታሙ ሰዎች አልነበሩም፤ ነገር ግን በጠባብ፣ በጨለማና በደፈረሰ የዋሻ ውኃ ውስጥ መጥለቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ሊረዳቸው የመጣ ሳማን ኩናን የተባለ የቀድሞ ባልደረባቸውም እዚያው ሕይወቱ አልፏል። ልጆቹን ጁላይ 2 ቀን ያገኟቸው ሁለት እንግሊዛውያን ናቸው፤ ሪክ ስታንተን ዕድሜው ከ55 ያለፈ ጡረተኛ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ጆን ቮላንተን ደግሞ የኮምፒውተር ባለሙያ ሲሆኑ ዋሻ ውስጥ መጥለቅን የያዙት በትርፍ ጊዜያቸው ነው። ልጆቹ በውኃ ውስጥ ተደናግጠው እንዳይሞቱ አደንዝዞ የላካቸውም አውስትራሊያዊው የማደንዘዣ ሐኪም ሪቻርድ ሃሪስ ነበር። እስከ ጁላይ 10 ድረስ አሥራ ሦስቱም በሕይወት ወጡ። በጸሐፊው የቀትር ሩጫ ቢፈተኑ ኖሮ ከእነዚህ ሦስት ሰዎች ስንቱ ያልፍ እንደነበር እርሳቸው ይንገሩን።

ሁለተኛው ምክር ሰው ሊገድል የሚችል ስለሆነ ሳላለሳልስ እናገራለሁ። የድሬ ልጅ ፀሐዩን እንዲለምድ በቀትር ያለ ውኃ ይለማመድ የሚለው ሐሳብ ከኮማንዶ ሥልጠና የተወሰደ ነው ተብሏል። እንግዲያው ኮማንዶዎቹ ራሳቸው ምን እንደገጠማቸው እንመልከት። ጁላይ 2013 በዌልስ ተራሮች፣ ለዚያው ለኤስ ኤ ኤስ ምርጫ ይወዳደሩ የነበሩ ተጠባባቂ ወታደሮች ከዓመቱ እጅግ ሞቃታማ ከሆኑት ቀናት በአንዱ ከባድ ሸክም ተሸክመው 26 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲጓዙ ተደረገ፤ ከመካከላቸው ሦስቱ በሙቀት ተመትተው ሞቱ። በ2015 የተጠናቀቀው የሞት ምርመራ በዝግጅቱና በክትትሉ ላይ ከባድ ጉድለቶች እንደነበሩ አረጋገጠ። እነዚህ ለአቅመ አዳም የደረሱ፣ የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው፤ ቦታውም ዌልስ እንጂ ድሬዳዋ አልነበረም።

የእኛ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች፣ በግንቦትና በሰኔ የቀትር ሙቀቷ ወደ 35 ዲግሪ የሚደርስ ናት። ሙቀትን መልመድ ይቻላል፤ ሰውነት ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ፣ የልምምዱ ጊዜና ክብደት ቀስ በቀስ ከተጨመረለት፣ ቶሎና በብዛት ማላብን፣ ጨውንም መቆጠብን ይማራል። ውኃ ማጣትን ግን አይለምድም፤ እንዲህ ያለ ልማድ በሰው ተፈጥሮ ውስጥ የለም። የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ መንገዳገድ፣ መቀባጠር ወይም ያለ ምክንያት መቆጣት የጀመረ ልጅ በቶሎ ወደ ጥላ ተወስዶ በበርሜል ውኃም ቢሆን መዘፈቅ አለበት፤ የሕክምናው ደንብ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ፊፋ እንኳ አየሩ፣ እርጥበቱና ፀሐዩ ተደምረው የሚሰጡት ልክ 32 ዲግሪ ሲያልፍ ጨዋታ ለሦስት ደቂቃ ቆሞ ተጫዋቾች ውኃ እንዲጠጡ ያደርጋል፤ በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ኔዘርላንድስና ሜክሲኮ በፎርታሌዛ ሲጫወቱ ሁላችንም አይተነዋል። ከፍ ካለችውና ቀዝቀዝ ካለችው ሐረር ወደ እኛ ወርዶ የሚጫወት ቡድን ያለው አሰልጣኝ ይህን ከማንም ይልቅ ማሰብ ይኖርበታል። እዚህ ያሉ ልባም አሰልጣኞች ልጆቻቸውን ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ የሚያለማምዱት ስለሰነፉ አይደለም።

ሦስተኛው ነጥብ የአንድ ድምፅ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው፤ በር በሚሰበርበት ደቂቃ ሁለት አዛዥ ሊኖር አይችልም። ነገር ግን እነዚህ ቡድኖች ለምን እንደተቋቋሙ ቢመለከቱ ሌላውን ግማሽ ያገኙት ነበር። ሴፕቴምበር 1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ የእስራኤል ስፖርተኞችና አሰልጣኞች ታገቱ፤ ሁለቱ እዚያው ተገደሉ፤ የቀሩትን ዘጠኝ ለማስለቀቅ በፉርስተንፌልድብሩክ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ የተሞከረው ዘመቻ ዘጠኙም ታጋቾችና አንድ ፖሊስ ሞተውበት አበቃ። አጋቾቹ ስምንት ነበሩ፣ የተመደቡት አነጣጣሪ ተኳሾች አምስት ብቻ። ተኳሾቹ እርስ በርሳቸውም ሆነ ከአዛዦቻቸው ጋር የሚነጋገሩበት ሬዲዮ አልነበራቸውም፤ አጋቾቹ ስምንት መሆናቸው ወደ ሄሊኮፕተሩ ሲሄዱ ታይቶ ሳለ ወሬው ለተኳሾቹ አልደረሰም። በዚያ ሌሊት የጠፋው የአዛዥ ሥልጣን አልነበረም፤ ያየው ሰው የሚናገርበት መንገድ ነበር። ምዕራብ ጀርመን በዚያው ወር ጂ ኤስ ጂ 9 የተባለውን ክፍል በኡልሪሽ ቬግነር አዛዥነት ያቋቋመችው ከዚህ በኋላ ነው፤ ጸሐፊው የሚያደንቁት የኦክቶበር 18 ቀን 1977 የሞቃዲሾ ዘመቻ፣ 86 መንገደኞች ከተጠለፈ አውሮፕላን በሕይወት የወጡበት፣ የዚህ ክፍል ሥራ ነው። (ያን ወር ድሬዳዋ የነበሩ ሰዎች የሚያስታውሱት በሌላ ነገር ነው፤ የሶማሊያ ጦር ከተማዋን ካጠቃ ሁለት ወር አልፎት፣ ሐረርም ጦርነቱ ደጇ ላይ ነበር።)

በገመድ ሰው ከገደል የሚያወጡ የነፍስ አድን ሠራተኞች ዘንድ ደግሞ የታወቀ ደንብ አለ፦ ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ነው፣ ‹‹ቁም!›› ማለት ግን ማንም ይችላል፤ ትናንት የገባው ጀማሪም ቢሆን። እኛ ሜዳ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። አሰልጣኙ ተቀያሪዎች ከሚቀመጡበት ቦታ ሆኖ የሚያየው ሜዳውን ከጎን ነው፤ ተመልካቹ ሲጮህ የአሰልጣኙ ድምፅ ከመስመሩ አያልፍም። የተጋጣሚው አጥቂ ከኋላ ሲገባ የሚያየው ግብ ጠባቂው ነው። ግብ ጠባቂውን ዝም በል ብሎ ያሳደገ አሰልጣኝ፣ በ80ኛው ደቂቃ ለምን አልተናገርክም ብሎ ሊቆጣው አይገባም።

ሽንፈት ፈጽሞ አይታሰብ ስለተባለው። ጸሐፊው ይህ የኮማንዶዎች እምነት ነው ቢሉም፣ እነዚህ ቡድኖች ከማንም በላይ ስለ ሽንፈት የሚያስቡ ናቸው፤ በቁጥር ሳይቀር። ኤፕሪል 1980 አሜሪካ በቴህራን የታገቱ ዜጎቿን ለማስለቀቅ ስምንት ሄሊኮፕተሮች ላከች፤ ዘመቻው እንዲቀጥል ቢያንስ ስድስት ያስፈልጋሉ ተብሎ አስቀድሞ ተወስኖ ነበር። በረሃው መካከል ወደሚገኘው መገናኛ የደረሱት ስድስት ብቻ ሆኑ፤ ከእነርሱም አንዱ ተበላሸ። አምስት ሲቀሩ የምድር ኃይሉ አዛዥ ዘመቻው ይቁም አለ፣ ፕሬዚዳንት ካርተርም ተቀበሉት። ከዚያ በመመለስ ላይ ሳሉ አንዱ ሄሊኮፕተር ከማጓጓዣ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ስምንት ሰዎች ሞቱ፤ ውርደቱም ትልቅ ነበር። ነገር ግን ጉዳዩ አልተሸፈነም፤ በአድሚራል ሆሎዌይ የተመራው መርማሪ ቡድን ኃይሉ ከየቦታው የተሰበሰበና ሙሉ ዘመቻውን አንድም ጊዜ በአንድ ላይ ያልተለማመደ መሆኑን በግልጽ ጻፈ፤ የልዩ ኃይሎቹ አደረጃጀት ከዚያ በኋላ ነው የተለወጠው።

ለአሰልጣኝ ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ተግባራዊ ነው። አንድ ተጫዋች በቀይ ካርድ ቢወጣ ማን ወደ ኋላ ይመለሳል? በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ግብ ቢቆጠርብን ቀጣዮቹን አምስት ደቂቃዎች እንዴት እንጫወታለን? ይህን አስቀድሞ ያልተነጋገረ ቡድን ግብ ሲቆጠርበት ሁሉም ወደ ፊት ይነጉዳል፣ ሁለተኛው ግብም ይከተላል። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው የይድነቃቸው ተሰማ ቡድን በፍጻሜው በተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ (በግብፅ) ሁለት ጊዜ ተመርቶ፣ ሁለት ጊዜ አቻ ሆኖ፣ በተጨማሪ ሰዓት ነው 4 ለ 2 ያሸነፈው። መመራት የማይታሰብ ነገር ቢሆንበት ኖሮ የመጀመሪያው ግብ በቂው ነበር። ልጆች ላይ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ መሸነፍ ሞት ነው የተባለ ልጅ በ85ኛው ደቂቃ ኳስ አይጠይቅም፤ ከተከላካይ ጀርባ ይደበቃል፤ ኳስ ያልነካ ልጅ አይሳሳትምና።

ዕቅድን ሙጭጭ ብሎ ስለመያዝ ብዙ አልልም፤ ጸሐፊው የጠሩት የለንደኑ ምስክር ራሱ ይበቃል። ሜይ 5 ቀን 1980 ኤስ ኤ ኤስ ታጋቾችን ለማስለቀቅ በለንደን የኢራን ኤምባሲን በሰበረበት ዕለት ከጣሪያ በገመድ ከሚወርዱት አንዱ ገመዱ ተተብትቦበት ተንጠልጥሎ ቀረ፤ በዚያው ግርግር የመስኮት መስታወት ተሰብሮ ድምፁ ተሰማ፤ በድብቅ ቦታ ቦታቸውን ይዘው በአንድ ጊዜ የመግባቱ ሐሳብ ፈረሰ። አዛዡ በዚያው ቅጽበት ግቡ አለ፣ ገቡ። ዕቅዱ ሲሰበር ያልተሰበሩት እያንዳንዱ ሰው የየትኛው ክፍል ኃላፊ እንደሆነ ስለሚያውቅ ነበር።

ይህ እውቀት የመጣው ከመለማመድ ነው፤ ጽሑፉም ትልቁን ነገር ያለፈው እዚህ ላይ ነው። የእስራኤል ወታደሮች ከተጠለፈ አውሮፕላን የተወሰዱ ታጋቾችን ያስለቀቁበት የኢንቴቤው ዘመቻ ከጠለፋው እስከ ማስለቀቁ አንድ ሳምንት ብቻ ነበረው። በዚያች ሳምንት ውስጥ ቀድመው ከተለቀቁት ታጋቾች ስለ ሕንጻው፣ ስለ ጠባቂዎቹና ስለ በሮቹ ተጠየቀ፤ የአውሮፕላን ማረፊያውን አሮጌ ሕንጻ የእስራኤል ተቋራጭ ኩባንያ ሠርቶት ስለነበር ስለ አሠራሩ መረጃ ተገኘ፤ ወታደሮቹም በአምሳያ ቦታ ላይ ተለማመዱ። ከ106ቱ ታጋቾች 102ቱ ዳኑ፤ ጥቃቱን የመራው ዮናታን ኔታንያሁ ሞተ። በታይላንድም የሆነው ይኸው ነው። ጠላቂዎቹ በዋሻው ከመሞከራቸው በፊት በአካባቢው ባለ መዋኛ ገንዳ ውስጥ፣ ቁመታቸው ከተያዙት ልጆች ጋር የሚቀራረብ የአካባቢ ልጆችን ጭንብል አጥልቀው በውኃ ውስጥ እያሳለፉ ተለማመዱ። ጭንብሉ ለሕፃን ፊት ይበቃል ወይስ ውኃ ያስገባል የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘው በገንዳው ውስጥ ነው።

አሁን የእኛን ልምምድ እንይ። የማዕዘን ምት ስናለማምድ አብዛኛውን ጊዜ ተጋጣሚ የለም፣ ግብ ጠባቂ የለም፣ ኳሱን የሚመታው ልጅ አምስቴ ይሞክራል፣ ሁሉም ትኩስ ጉልበት አለው። በጨዋታ ላይ ግን የማዕዘን ምቱ የሚመጣው በ70ኛው ደቂቃ፣ ልጁ ደክሞት፣ ሁለት ተከላካይ ማሊያውን ይዘውት፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስም ኳሱን እየገፋ ነው። የምንለማመድበት ቦታም ሌላ ጣጣ አለው፤ ክረምት ከጎርፍ በቀር ዓመቱን ደረቅ በሆነው በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ያደገ ልጅ ኳስ ማንሳትና እግሩን ማጠንከር ይማራል፣ ሜዳ ላይ ኳሱ ሲነጥር ግን ጊዜውን ይስታል። ስለዚህ በነፍስ አድን ቡድኖቹ ልክ መለማመድ ማለት የልምምዱን መጨረሻ ሃያ ደቂቃ፣ ልጆቹ ከደከሙ በኋላ፣ ተጋጣሚ አቁሞ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል፣ ግብ ጠባቂው እየጮኸ፣ አንድ ዕድል ብቻ በመስጠት የማዕዘን ምትን መሞከር ነው። ለዚህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጸሐፊው ለልጆች ይገዛ ያሉት ወታደራዊ የሚመስል ልብስ ግን ይጠይቃል።

የመጨረሻው ምክር ከጨዋታ በኋላ የሚደረገውን ግምገማ ይመለከታል። ልዩ ቡድኖች ጥፋትን ፊት ለፊት ይነጋገራሉ የሚለው ትክክል ነው፤ አነጋገራቸው ግን ጸሐፊው እንዳሉት አይደለም። የአሜሪካ ምድር ጦር ከ1980ዎቹ ጀምሮ በካሊፎርኒያ በረሃ ባለው ማሠልጠኛው ያዳበረው፣ በኋላም ሌሎች የተቀበሉት የግምገማ ሥርዓት በአራት ጥያቄዎች ይመራል፦ ምን ሊሆን ታስቦ ነበር? ምን ሆነ? ለምን እንደዚያ ሆነ? በሚቀጥለው ምን እናደርጋለን? በዚያ ስብሰባ ላይ ማዕረግ ወደ ጎን ይደረጋል፤ ሻምበሉ ስለ ራሱ ውሳኔ ከአሥር አለቃው ይሰማል። ‹‹ማን አጠፋ?›› የሚል ጥያቄ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። መልሱ ሳይታወቅ ስለሚቀር አይደለም፤ ያንን ካስቀደሙ ‹‹ለምን›› የሚለው መልስ ስለማይገኝ ነው።

ባለፈው ዓመት ከማሠለጥናቸው ልጆች ጋር የሆነውን ላንሳ። ከማዕዘን ምት ግብ ተቆጠረብንና ተሸነፍን፤ የቀኝ መስመር ተከላካያችን ሁለተኛው የግብ ቋሚ ላይ መቆም ሲገባው ወደ መሐል ገብቶ ነበር፣ ይህን ተመልካቹ ሁሉ አይቷል። ከጨዋታው በኋላ ከሜዳው ጀርባ ጥላ ውስጥ ተቀምጠን ምን ሊሆን ታስቦ እንደነበር ስጠይቅ፣ ልጁ ራሱ ቋሚው የእኔ ነበር አለ። ለምን ተውከው ሲባል ግብ ጠባቂው ‹‹ውጣ›› ሲል ሰማሁ አለ። ግብ ጠባቂው ደግሞ ‹‹ውጣ›› ያልኩት አጥቂውን ለሚይዘው ለሌላው ነው አለ። ሌሎች ሁለት ልጆችም ያ ጥሪ ለእነሱ የመሰላቸው ጊዜ እንደነበረ ተናገሩ። ስለዚህ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግብ ጠባቂው ከትእዛዙ በፊት ስም ይጠራል፤ ቋሚ ላይ የሚቆም ልጅም ስሙ ካልተጠራ በእጁ ቋሚውን ይዞ ይቆማል። ያንን ልጅ በስሙ ጠርቼ በጓደኞቹ ፊት ባዋርደው ኖሮ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይል ነበር፤ የጥሪው ችግርም በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ልጅ ላይ ይደርስ ነበር። ይሉኝታ ባለበት አገር፣ ታላቅ ፊት መናገር እንደ ድፍረት በሚቆጠርበት ቤት ያደገ ልጅ እንዲናገር የሚያስፈልገው መጀመሪያ አሰልጣኙ ስለ ራሱ ውሳኔ ሲጠየቅ ሳይቆጣ ሲመልስ ማየት ነው።

እስካሁን ጸሐፊው ያሉትን ተከትዬ መለስኩ። ያላሉት አንድ ነገር ግን አለ፤ ከነፍስ አድን ቡድኖች እንማር ተብሎ ስለ ነፍስ ማዳን አንድም ቃል አለመጻፉ ያስገርማል። በእነዚህ ቡድኖች ውስጥ ሐኪም ከኋላ የሚከተል እንግዳ አይደለም፤ በኖቬምበር 2015 አሸባሪዎች ባጠቁት በፓሪሱ ባታክላን አዳራሽ የፈረንሳይ ልዩ የፖሊስ ክፍሎች ሐኪሞች አብረው ገብተው ቁስለኞችን ለይተዋል። እኛ ሜዳ ላይ ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ወጌሻና አንድ የሚረጭ ማደንዘዣ ነው፤ በታዳጊዎች ልምምድ ላይ ደግሞ እርሱም የለም፣ አሰልጣኙ ብቻ ነው ያለው። የደቻቱ ጎርፍ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት ደርሶ ከ250 በላይ ሰው ሲወስድ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሰው ከውኃ ያወጣው ቦታው ላይ የነበረ ጎረቤት ነው። ሜዳ ላይ ልጅ ሲወድቅም ቦታው ላይ ያለው አሰልጣኙ ነው።

ጁን 12 ቀን 2021 በኮፐንሃገን የዴንማርኩ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን በጨዋታ መካከል ልቡ ቆሞ ሲወድቅ የዳነው ሰዎቹ ምን እንደሚያደርጉ ስለሚያውቁ ነው፤ ደረቱ ወዲያው መጫን ጀመረ፣ ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሣው መሣሪያም ቀረበ። ልቡ ለቆመ ሰው ደረቱን የሚጫንለት ካልተገኘ በእያንዳንዷ ደቂቃ የመዳን ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። መሣሪያው በአብዛኞቹ ሜዳዎቻችን የለም፤ እጅ ግን አለ። ለአዋቂ ሰው የደረቱን መካከል ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ሳያቋርጡ መጫን ነው፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካል። እኛ ዘንድ የሚታየው ግን ሌላ ነው፤ ‹‹ምላሱን ዋጠ!›› ተብሎ ሦስት ሰው በአፉ ጣት ለመክተት ይሻማል፣ አንዱ ውኃ ያርከፈክፍበታል፣ አንዱ በማሊያ ያራግብለታል፣ ክብ ሠርቶ የቆመው ሕዝብ አየር ያሳጣዋል፣ ደረቱን የሚነካ ሰው የለም።

ስለዚህ ለጸሐፊው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የአንድ ጠዋት ልምምድ በቂ ነው፤ ልጅ ሜዳው መካከል ይወድቃል ተብሎ ይታሰባል፤ ደረት የሚጫነው ማን ነው፣ የሚተካው ማን ነው፣ አምቡላንስ የሚጠራው ማን ነው፣ ሕዝቡን የሚመልሰው ማን ነው፣ አምቡላንሱን መንገድ ላይ ወጥቶ የሚቀበለው የትኛው ተቀያሪ ነው የሚለው በስም ይደለደላል፤ በሰዓት ይለካል፤ ሲያልቅ በአራቱ ጥያቄዎች ይገመገማል፤ እንደገና ይሠራል። የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞችን ወይም በአቅራቢያችን ያለ ጤና ጣቢያ ባለሙያን አሳዩን ብንላቸው እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። ጸሐፊው ልጆቻቸውን ይዘው ቢመጡ የእኛም ልጆች ዝግጁ ናቸው፤ አምቡላንስ የሚገባበትን የሜዳውን የመኪና በር ቁልፍ ቅዳሜ ጠዋት የሚይዘው ማን እንደሆነም ከልምምዱ በፊት አብረን ብናጣራ መልካም ነው።